የሐሰት ምስክር በኢንተርኔት ገበያ

በንግድ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን የስልክ ጥሪ ሳታውቁት አትቀሩም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ምግብ ቤቱ በሰው ሲሞላ ስልኩ ይጮኻል። ከወዲያ ያለው ሰው አንደበቱ የለሰለሰ ነው። «ድረ ገጽዎን ተመልክተነዋል፤ በጉግል ሲፈለግ አምስተኛው ገጽ ላይ ነው የሚገኘው፤ በየወሩ ጥቂት መቶ ዶላር ቢከፍሉን አምስት መቶ ማገናኛ ሠርተንልዎ መጀመሪያው ገጽ ላይ እናወጣዎታለን» ይላል። ምግብ ቤት ብቻ አይደለም፤ የታክስ ቢሮ፣ የፀጉር ቤት፣ የሕፃናት መዋያ፣ የትራንስፖርት ሥራ፣ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸውም ይህ ጥሪ ይደርሳቸዋል። አንዳንዱ ስልኩን ይዘጋል። አንዳንዱ ግን «እንጀራዬ አይደለም ወይ? ከጎረቤቴ በምን አንሳለሁ?» ብሎ ለልጆቹ ትምህርት ካስቀመጠው ላይ ቀንሶ ይከፍላል።

ለመሆኑ ይህ የሚሸጠው «ማገናኛ» ወይም በብዙዎቻችን አፍ «ሊንክ» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? እንዴትስ የገበያ ዕቃ ሊሆን ቻለ? የሚከፍለውስ ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ታሪኩ የኮምፒውተር ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሁሉ በላይ የምስክርነት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

«ማን ያውቀዋል?»

በአገራችን ልማድ አንድ ጎልማሳ የሰው ልጅ ለማጨት ሲፈልግ ብቻውን ሄዶ በር አያንኳኳም፤ ሽማግሌ ይልካል። የልጅቷ ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚመለከቱት ልጁን ሳይሆን የተላኩትን ሰዎች ነው። የተከበረ፣ ቃሉ የማይታጠፍ፣ ለማንም ለምንም የማይላክ ሽማግሌ ከመጣ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። በየሰፈሩ ለጠራው ሁሉ የሚሄድ ሰው ከተላከ ግን ቃሉ ያን ያህል አይመዝንም። አንድ ሰው ብድር ሲጠይቅም ሆነ ቤት ሲከራይ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ማን ያውቀዋል?» ይባላል። ቀጥሎም «ያ የሚያውቀውስ ሰው ማን ነው?» ይባላል። ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ያዙልን፤ ኋላ ትልቅ ኩባንያ የተሠራባት እርሷ ናት።

ይህንኑ ነገር በወረቀት ላይ አስፍሮ ለንግድ ያዋለው ሰው በአሜሪካ የተነሣው በ1873 ነበር። የአሜሪካ ዳኞች ፍርድ ሲሰጡ በተመሳሳይ ጉዳይ ቀደም ሲል የተሰጠውን ፍርድ ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ጠበቃ የሆነ ሰው የሚመካበት የድሮ ፍርድ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይቆይ ወይም በሌላ ፍርድ ቤት ይሻር ማወቅ አለበት። ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ የኢሊኖይ ሰው እያንዳንዱን ፍርድ ከዚያ ወዲህ የትኞቹ ፍርዶች እንደ ጠቀሱት እየዘረዘረ፣ ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ እያተመ መሸጥ ጀመረ። ጠበቆቹም ወረቀቱን እየገዙ በሕግ መጽሐፋቸው ዳር ላይ ይለጥፉት ነበር። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት የተማሩ ወገኖቻችን የሼፐርድን ስም ዛሬም ያውቁታል።

ከሰማንያ ዓመታት በኋላ ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ ምሁር የሼፐርድን ዘዴ ወደ ሳይንስ አመጣው። በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ አንድ የምርምር ሥራ በማን እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1964ም የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ የተሰኘውን ሥራ ፊላደልፊያ ከሚገኘው ድርጅቱ ማውጣት ጀመረ። ማውጫው የታሰበው ምሁራን አንዱ ከሌላው ሥራ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ እንዲያገኙ ነበር። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ የጥቅሱ ቁጥር የምሁሩ ማዕረግ መለኪያ ሆነ። መለኪያ በሆነ ጊዜ ደግሞ «አንተ እኔን ጥቀስ፣ እኔም አንተን እጠቅሳለሁ» የሚሉ መጡ። ይህ ጠባይ በኢንተርኔት ዘመን በሺህ እጥፍ ተባዝቶ እንደገና ይገጥመናል።

ድሩ ሲዘረጋ

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በመጋቢት 1989 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ሲሠራ የተቋሙን ሰነዶች እርስ በርስ ለማያያዝ የሚያስችል እቅድ ለአለቆቹ አቀረበ። በ1991 የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ ተገለጠ። በሚያዝያ 30 ቀን 1993 ሰርን ይህን ፈጠራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊሠራበት እንደሚችል በይፋ አሳወቀ። እኛ ዛሬ «ድረ ገጽ» የምንለው፣ እነርሱም «ድር» ብለው የሰየሙት፣ ከሸረሪት ድር ተመሳስሎ ነው። የድሩ ክር ደግሞ ማገናኛው ነው፤ ከአንድ ገጽ ላይ ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ቃል ወይም ሥዕል ማለት ነው።

በርነርስ ሊ ማገናኛውን ሲሠራው አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰነ። ማገናኛው አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ነው፤ ፈቃድም አይጠይቅም። እኔ ከገጼ ላይ ወደ እናንተ ገጽ ባመለክት እናንተን ማስፈቀድ አይኖርብኝም፤ እናንተም ማመልከቴን ላታውቁ ትችላላችሁ። ድሩ በጥቂት ዓመታት ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያው ውሳኔ ማንም ሰው ስለ ማንም ሰው ያለ ጠያቂ መመስከር የሚችልበት በር ተከፈተ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዎች ገጽ የሚያገኙት ከሰው አፍና ከሰው እጅ ነበር። በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የወደዷቸውን ገጾች በየዓይነቱ ከፋፍለው ዝርዝር አወጡ፤ ይህም ዝርዝር ያሁ ተባለ። ሰው ተቀምጦ እያነበበ የሚያዘጋጀው ማውጫ ስለነበር ድሩ ሲሰፋ ሊደርስበት አልቻለም። የያሁ ማውጫ ራሱ በ2014 መጨረሻ ተዘግቷል። በዚያን ጊዜ የግል ገጽ የነበረው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከገጹ ግርጌ «የምወዳቸው ገጾች» የሚል ዝርዝር ነበረው። በስደት ያለው የአገራችን ሰው ሠርቶ ባወጣቸው ገጾችም ላይ እንዲሁ ነበር፤ አንዱ የዜና ገጽ ሌላውን ይጠቁማል፣ ያ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር ገጽ ይጠቁማል። ያ ማገናኛ ገንዘብ አልተከፈለበትም። «ይህን አይቼዋለሁ፣ እናንተም እዩት» ከማለት በቀር ሌላ ዓላማ አልነበረውም።

ከዚያም መፈለጊያዎቹ መጡ። በታኅሣሥ 1995 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ አልታቪስታን አወጣ። አልታቪስታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችን ቃል በቃል እየመዘገበ ለጠየቀው ሁሉ በፍጥነት ይመልስ ነበር። ችግሩ ግን ከሺህ ገጾች የትኛው ይቅደም የሚለው ነበር። የዚያን ጊዜ መፈለጊያዎች ደረጃ የሚሰጡት በይበልጥ በገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል አይተው ነው። ይህም ሰውየውን ራሱን «አንተ ጎበዝ ነህ ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ብልጣብልጦች አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ይደጋግሙት ጀመር፤ ነጭ ፊደል በነጭ ገጽ ላይ እየጻፉ ሰው እንዳያየው፣ መሣሪያው ግን እንዲያነበው ያደርጉ ነበር።

የስታንፎርዱ ስሌት

መፍትሔው በተመሳሳይ ዓመታት በተለያየ ቦታ በሚገኙ ሰዎች አእምሮ ውስጥ መጣ። በ1996 በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሮቢን ሊ ራንክዴክስ የተባለ መፈለጊያ ሠርቶ ገጾችን በሚያመለክቷቸው ማገናኛዎች ደረጃ ይሰጥ ነበር። እርሱ ኋላ ወደ ቻይና ተመልሶ በ2000 ባይዱን መሠረተ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆን ክላይንበርግም ስለዚሁ ጉዳይ የራሱን ስሌት አወጣ። በስታንፎርድ ደግሞ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1996 ባክረብ የተሰኘ መፈለጊያ ሠሩ። በ1998 ሥራቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ጉግል ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ። የስሌቱ የባለቤትነት መብት የተመዘገበው በስታንፎርድ ስም ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲውም በልዋጩ 1.8 ሚሊዮን አክሲዮን አግኝቶ፣ እስከ 2005 ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አድርጓል።

ስሌቱ ፔጅራንክ ይባላል። ምሥጢሩ ከላይ ያዙልን ያልናችሁ ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ «የሚያውቀውስ ሰው ማን ነው?» የሚለው። ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ማገናኛ ሁሉ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ነገር ግን ምስክሮች እኩል አይደሉም። ራሱ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ ሲመሰክር ቃሉ ይከብዳል። በተጨማሪም ገጹ ያለውን ክብደት ለሚያመለክታቸው ሁሉ ያካፍላል።

በቁጥር እንየው። በ1998 በወጣው ጽሑፋቸው መሠረት አንድ ገጽ ካለው ክብደት በማገናኛዎቹ በኩል የሚያስተላልፈው ብዙውን ጊዜ 85 ከመቶውን ነው። ክብደቱ 100 የሆነ ገጽ አምስት ማገናኛ ብቻ ቢኖረው ለእያንዳንዱ 17 ያካፍላል። ያው ገጽ 850 ማገናኛ ቢኖረው ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከ1 አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ለጠራው ሁሉ የሚሄደው ሽማግሌ ቃሉ እንደሚቀል ማለት ነው። አያቶቻችን በሸንጎ የሚያውቁትን ነገር እነዚህ ወጣቶች በሒሳብ ጻፉት።

ሌላም ነገር አለ። ጉግል ገጹን ብቻ ሳይሆን የማገናኛውን ቃል ጭምር ያነብ ነበር። አንድ ሰው «የአዲስ አበባ ካርታ» በሚል ቃል ወደ አንድ ሥዕል ቢያመለክት፣ ሥዕሉ ላይ አንድም ፊደል ባይኖር እንኳ መፈለጊያው ካርታ መሆኑን ከምስክሩ ቃል ይረዳል። ይህ ለአማርኛ ገጾች ቀላል ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ብዙ ገጾችም ጽሑፋቸውን እንደ ሥዕል አድርገው ያወጡ ነበር። መሣሪያው እነዚህን ገጾች ማንበብ ባይችልም፣ ሌላው ሰው በሚያመለክትባቸው ቃል ግን ስለ ምን እንደሆኑ ፍንጭ ያገኝ ነበር። ዲዳውን ገጽ ጎረቤቱ ይናገርለታል ማለት ነው።

ምስክርነት ዋጋ ሲያወጣ

ፔጅና ብሪን በዚሁ ጽሑፋቸው በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደር መፈለጊያ ወደ ማስታወቂያ ከፋዮቹ ማዘንበሉ እንደማይቀር ሥጋታቸውን ገልጸው ነበር። ኋላ ራሳቸው የዓለምን ትልቁን የማስታወቂያ ንግድ መሥራታቸው የታሪክ ምፀት ነው። ለጊዜው ግን አደጋው የመጣው ከሌላ በር ነበር።

በታኅሣሥ 2000 ጉግል በኮምፒውተር መስኮት ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ አወጣ። በእርሱ ላይ የማንኛውም ገጽ ደረጃ ከ0 እስከ 10 በአረንጓዴ መስመር ይታይ ነበር። ይህ ቁጥር ለሕዝብ በታየ ጊዜ ምስክርነት የዋጋ ተመን ወጣለት። ደረጃ 7 ያለው ገጽ ባለቤት «ከእኔ ገጽ ላይ ማገናኛ የሚፈልግ በወር ይህን ያህል ይክፈል» ማለት ቻለ። በኦክላሆማ የሚገኘው ሰርችኪንግ የተባለው ኩባንያ በ2002 ይህንኑ ሥራ ጀመረ፤ ወዲያውም በጉግል ያለው ደረጃ አሽቆለቆለ። ኩባንያው ጉግልን ከሰሰ። በ2003 ፍርድ ቤቱ የጉግል ደረጃ አሰጣጥ አስተያየት እንደሆነና አስተያየትም በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት እንደሚጠበቅ ወስኖ ክሱን ዘጋው። ከዚህ ፍርድ የምንማረው ነገር አለ፤ ተራችሁ ዝቅ ቢል «መብቴ ተነካ» ብላችሁ የምትሟገቱበት ሜዳ ጠባብ ነው።

ገንዘብ የሌለው ደግሞ ምስክሮችን ራሱ ይፈጥራቸው ገባ። በስሌቱ መሠረት ማንም የማያውቀው ገጽ እንኳ ከባዶ የሚበልጥ ጥቂት ክብደት አለው። ሺህ ባዶ ገጾች በአንድ ሌሊት ሠርቶ ሁሉንም ወደ አንድ ገጽ ማመልከት ያችን ጥቂት በሺህ ማባዛት ነው። ይህን የማገናኛ እርሻ ይሉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ለክፉ ዋለ። ሌሎች ደግሞ በሰዎች ገጽ ላይ ለጎብኚዎች አስተያየት በተተወው ስፍራ እየገቡ የራሳቸውን ማገናኛ ይዘሩ ነበር።

ለቀልድና ለፖለቲካም ውሏል። በ2003 ብዙ ሰዎች ተመካክረው «አሳዛኝ ውድቀት» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሕይወት ታሪክ ገጽ አመለከቱ። እነዚህን ቃላት ጉግል ላይ የፈለገ ሁሉ ፕሬዚዳንቱን በመጀመሪያ ተራ ያገኝ ነበር። በገጹ ላይ ቃላቱ አልነበሩም፤ ምስክሮቹ ተስማምተው የሰጡት ስም ነበር። ጉግል ይህን ቀዳዳ ለመድፈን እስከ ጥር 2007 ፈጅቶበታል።

በጥር 2005 ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በአንድነት አዲስ ምልክት አስተዋወቁ። የገጽ ባለቤት ይህን ምልክት በማገናኛው ላይ ሲያኖር «ማገናኘቱን አገናኝቻለሁ፣ ግን አልመሰከርኩም» ማለቱ ነው። በ2019 ደግሞ ጉግል ለተከፈለበት ማገናኛ የሚሆን የራሱ ምልክት ጨመረበት። ማስታወቂያ መግዛትም መሸጥም ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተከፈለበትን ምስክር እንዳልተከፈለበት አድርጎ ማቅረቡ ነው።

የዚህን ገበያ ስፋት ዓለም ያወቀው በየካቲት 2011 ነበር። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባደረገው ምርመራ ጄ.ሲ. ፔኒ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር በበዓሉ የገበያ ወራት ቀሚስ፣ የአልጋ ልብስ፣ ምንጣፍ ተብሎ ሲፈለግ በየጊዜው በመጀመሪያ ተራ ይወጣ እንደነበር አሳየ። ሳምሶናይት የእጅ ሻንጣ ተብሎ ሲፈለግ እንኳ ከሳምሶናይት ከራሱ ይቀድም ነበር። ምክንያቱም ከልብስም ሆነ ከሻንጣ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ወደ መደብሩ ያመለክቱ ነበር። ጉግል ቅጣቱን በጣለ በሰዓታት ውስጥ በሻንጣው ፍለጋ ከ1ኛ ወደ 71ኛ ወረደ። መደብሩ ማገናኛዎቹን እኔ አላዘዝሁም፣ አላውቅምም ብሎ ለፍለጋ ሥራ የቀጠረውን ድርጅት አሰናበተ።

በሚያዝያ 24 ቀን 2012 ጉግል ፔንግዊን የተባለውን የስሌት ለውጥ አወጣ። ኩባንያው እንዳስታወቀው ይህ ለውጥ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 ከመቶ ያህሉን ነክቷል። ቁጥሩ ሲሰሙት ያንሳል፤ ነገር ግን በማገናኛ ግዢ ላይ ለቆመ አነስተኛ ንግድ በአንድ ሌሊት ደንበኛ የጠፋበት ቀን ነበር። ብዙዎቹ ባለ ሱቆች ስለ ማገናኛ ምንም አያውቁም፤ የቀጠሩት ሰው ነው ያደረገው። ቅጣቱ ግን የወረደው በሱቁ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጉግል የገጽ ባለቤቶች «እነዚህን ምስክሮች አላውቃቸውም» ብለው የሚክዱበትን መሣሪያ አወጣ። ሰዎች በገንዘባቸው የገዙትን ምስክር ለማስካድ እንደገና ገንዘብ ከፈሉ። ከመስከረም 2016 ወዲህ ፔንግዊን የዘወትር ስሌቱ ክፍል ሆነ፤ የተገዛውን ማገናኛም በአብዛኛው ገጹን ከመቅጣት ይልቅ ዋጋ አሳጥቶ ያልፈዋል። በዚያው ዓመት ያ አረንጓዴ መስመር ለሕዝብ መታየቱ ቀረ። ገበያውን የከፈተው ቁጥር ተሰወረ፤ ገበያው ግን አልተዘጋም።

ለእኛስ?

እንግዲህ ወደ ስልኩ ጥሪ እንመለስ። ለአምስት መቶ ማገናኛ የሚከፍል ሰው ከሁለት አንዱን ይገዛል። ወይ ምንም የማይመዝን ነገር ይገዛል፣ ወይ ደግሞ ቅጣት ይገዛል። መክፈሉን ያቆመ ቀን ማገናኛዎቹም ሊነሡ ይችላሉና የተከራዩት ምስክር ነው። ጉግል ራሱ በአንደኛ ተራ አወጣለሁ ብሎ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ማንም እንደሌለ በይፋ ጽፏል። ስለዚህ የሚደውለውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። ማገናኛዎቹ በየትኞቹ ገጾች ላይ ነው የሚቀመጡት? የተከፈለባቸው መሆኑ ምልክት ይደረግባቸዋል ወይ? በእኔ ንግድ ላይ ቅጣት ቢመጣ ኃላፊው ማን ነው? ፊት ለፊት የማይመልስ ከሆነ ስልኩን ዝጉት።

ይህ ማለት አነስተኛ ንግድ ያለው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ጉግል በአካባቢ ላለ ንግድ ተራ ሲሰጥ ሦስት ነገሮችን እንደሚያይ ገልጿል፤ ንግዱ ከተፈለገው ነገር ጋር መስማማቱን፣ ርቀቱንና ታዋቂነቱን። ከማስታወቂያ ቦታው ውጭ በዚህ ዝርዝር የተሻለ ተራ በገንዘብ እንደማይሸጥም ጽፏል። ለታዋቂነት ከሚቆጠሩት አንዱ ወደ ንግዱ የሚያመለክቱ ማገናኛዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ምስክር ደግሞ ማኅበረሰባችን በእጁ ይዞታል። ቤተ ክርስቲያኑ ለበዓል ምግብ ያበሰለለትን ቤት በገጹ ላይ ቢያመሰግን፣ የስፖርት ፌስቲቫሉ ስፖንሰሩን ምልክት አድርጎ ቢጠቅስ፣ የከተማው ጋዜጣ ስለ ቡና ሥነ ሥርዓቱ ቢጽፍ፣ የንግድ ምክር ቤቱ አባሉን ቢመዘግብ፣ ከጽሑፎቹም ወደ ገጹ ማገናኛ ቢኖር፣ እነዚህ የሚያውቁንን ሰዎች ቃል የያዙ ናቸው። ከአምስት መቶ ባዶ ገጽ አምስቱ ይበልጣሉ፤ ስሌቱም የሚለው ይህንኑ ነው።

በገጻችሁም ላይ ሥራ አለ። የምግብ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ በ1990ዎቹ የነበረውን የአማርኛ ገጽ ችግር መድገም ነው፤ በፊደል ጻፉት። ስማችሁ፣ አድራሻችሁና ስልካችሁ በየቦታው አንድ ዓይነት ይሁን። እኛ «ጸጉር» እና «ፀጉር» ብለን አንድን ቃል በሁለት ፊደል እንደምንጽፈው ሁሉ የንግድ ስማችንንም በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት እንጽፈዋለን፤ አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት።

የሐሰት ምስክሩም ከማገናኛ አልፎ ወደ ደንበኞች አስተያየት ከተሻገረ ቆይቷል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ በ2024 አውጥቷል። «ለዘመዶቼ ነግሬ ባልበሉበት አምስት ኮከብ አስደረግሁ» የሚል ወዳጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

በ1873 ሙጫ በተቀባ ወረቀት የተጀመረው ነገር ዛሬ የምንበላበትን ቤት እስከ መምረጥ ደርሷል። በመንገዱ ሁሉ የተደጋገመው አንድ ነገር ነው፤ ምስክርነት ዋጋ ባወጣ ቁጥር ሻጭ ይመጣል፣ ሻጭ በመጣ ቁጥር ዳኛው ምስክሩን መመርመሪያ አዲስ መንገድ ይፈልጋል። በመካከል የሚጎዳው አውቆም ሆነ ሳያውቅ የገዛው ነው። ምስክር የሚሻ ንግድ መጀመሪያ የሚመሰከርለት ሥራ ይሥራ፤ እኛም በምንበላበትና በምንገበይበት ቤት ላይ ያየነውን እውነት አንንፈግ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ አበው፣ የኢንተርኔቱም ነገር እያደር መጥራቱ አይቀርም።